ናሙና ዘጠኝ

መጋቢት 4 ቀን 2017፣ ሐሙስ

በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ሦስተኛው ሕፃን ዛሬ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሞተ። ወንድ ነው። ክብደቱ 1 ኪሎ ከ700 ግራም ነበር። ሦስቱም የሞቱት በአሥራ አንድ ቀን ውስጥ ነው።

አባትየው የሲናና ገበሬ ነው። አስከሬኑን በፎጣ ጠቅልሎ ሲወጣ ጥበቃው የመውጫ ወረቀት ጠየቀው። ወረቀቱን እኔ ጻፍኩለት። ሃያ ሰባት ዓመት አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ የሰው ጽሑፍ ሳርም ኖሬ፣ ጡረታ ስወጣ ወደ አገሬ ተመለስኩ። አሁን በሮቤና በጎባ መካከል ባለው በዚህ የእናቶችና የሕፃናት ሆስፒታል የሕዝብ ግንኙነት የኮንትራት ሠራተኛ ነኝ። የኢንፌክሽን መከላከል ኮሚቴውም ጸሐፊ አድርጎኛል። ጸሐፊ የሆንኩት ስለ ኢንፌክሽን ስለማውቅ አይደለም። አማርኛ ስለምችል ነው።

መጋቢት 8፣ ሰኞ

ኮሚቴው ተሰበሰበ። የጨቅላ ክፍሉ እንዲዘጋ ተወሰነ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ዶ/ር መልአኩ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ከክፍሉ ዕቃዎች ሁሉ ናሙና እንድትወስድ አዘዘ። የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ሸዋርጋ ስብሰባውን በሩ አጠገብ ቆማ ተከታተለችው። ስንወጣ ደረጃው ላይ ያዘችኝ።

«አቶ ጋዜጣ፣ ይህንንም በሚያምር አማርኛ ይጻፉልን። ሞታችን ሰዋስው እንዳይጎድለው።»

መጋቢት 13፣ ቅዳሜ

ከጎባ ወደ ሮቤ፣ ሚኒባስ ውስጥ። ከኋላዬ ሁለት ሴቶች።

«እዚያ ገብቶ የወጣ ልጅ አለ?»

«ኧረ ዝም በይ! የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የተወለደው፣ ዛሬ ኳስ ይጫወታል።»

«ድሮ ነዋ!»

ዞር ብዬ አላየኋቸውም።

መጋቢት 17፣ ረቡዕ

ሰቢሪና ሪፖርቷን አመጣች። የላቦራቶሪው ባለሙያ እሷ ናት፤ የጊኒር ልጅ፣ ሃያ ሰባት ዓመቷ። የላቦራቶሪው ኃላፊ ከለቀቀ ስድስት ወር ሆኖታል፣ ምትክ አልተቀጠረም። ስለዚህ ሪፖርቷ ለኮሚቴው የሚደርሰው በእኔ በኩል ነው። መብራት ከትናንት ጀምሮ ስለጠፋ በእጇ ጽፋዋለች፤ ሁለት ገጽ ተኩል። እሷ ረመዳን ላይ ናት፣ እኔ ሁዳዴ ላይ። ሁለታችንም ከንፈራችን ደርቋል።

«ጋሼ፣ እኔ መጻፍ አልችልም። እርስዎ ያስተካክሉት። ነገ ለዒድ ወደ ጊኒር እሄዳለሁ።»

«ስልክሽ ይሠራል?»

«ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም። የጎረቤት ፎቅ ላይ ከወጣሁ ግን አለ» ብላ ሳቀች። «ከፈለጉኝ መልእክት ይላኩ፣ ማታ ወጥቼ እደውላለሁ።»

መጋቢት 18፣ ሐሙስ

ዶ/ር መልአኩ ሪፖርቱን በአንድ ገጽ ይፈልገዋል። ቀኑን ሙሉ እሱን ስሠራ ዋልኩ። ልጅቷ ጠንቃቃ ናት፤ ጽሑፍ ግን አታውቅም፣ የመድኃኒት ስም ብቻ ትደረድራለች። አንዱን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች። ያው ሰባት መድኃኒት፣ በዚያው ተራ፣ ቃል በቃል። የላይኛው «ናሙና 4» ይላል፣ የታችኛው «ናሙና 9»። መጨረሻ ላይ ያለው የባክቴሪያው ስም ብቻ ይለያያል። ረቂቋን መሰረዝ የረሳች መሰለኝ። ወጣቶቹ ሪፖርተሮቻችንም እንዲህ ያደርጉ ነበር። የታችኛውን በቀይ እርሳስ ሰረዝኩት። የመጨረሻውን ግማሽ ገጽ፣ የትኛው ናሙና ከየት እንደተወሰደ የሚዘረዝረውን፣ አባሪ ስለሆነ አላስገባሁትም።

ኦርጅናሉን እንደ ልማዴ አስቀመጥኩ፤ ሰማያዊው ፋይል፣ ሁለተኛው መሳቢያ።

መጋቢት 19፣ ዓርብ

ሪፖርቱ ተፈረመ። ዶ/ር መልአኩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ዘርግቶ አየውና «ጽሑፍ ማለት ይኼ ነው! አንድ ገጽ፣ አንድ ባክቴሪያ፣ አንድ ምንጭ» አለ። ባክቴሪያው ክሌብሴላ ይባላል፤ የተገኘው ከንፍጥ መሳቢያው ማሽን ነው። ከሰባት ዓይነት መድኃኒት አንዱም አይገድለውም። ጽዳቱ ዛሬ ተጀመረ።

ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ። ይህንን መጻፍ አለብኝ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጋቢት 21፣ እሑድ

ዒድ። ግቢዬ ውስጥ ከባሏ ጋር የተከራየችው ጁሀራ በሳህን ምግብ ይዛልኝ መጣች። የሰባት ወር እርጉዝ ናት፤ ሆዷ በሩን ቀድሟት ይገባል። «ሥጋ የለበትም አባኮ፣ ለእርስዎ ብዬ ለብቻ በዘይት ነው የሠራሁት» አለችኝ። አባኮ በኦሮምኛ አባቴ ማለት ነው። የእኔ ልጆች በወር አንድ ጊዜ ይደውላሉ።

መጋቢት 25፣ ሐሙስ

የጨቅላ ክፍሉ ተከፈተ። ንፍጥ መሳቢያው ተቀየረ፣ ኢንኩቤተሮቹ በበረኪና ታጠቡ፣ ግድግዳው ተቀባ። ለማስታወቂያ ሰሌዳው የጻፍኩት፦ «የኢንፌክሽኑ ምንጭ ተለይቶ ተወግዷል።» አራት ቃል።

ሰቢሪና ከጊኒር ተመልሳለች። ኮሪደር ላይ አገኘችኝ።

«ሪፖርቱ ደረሰ ጋሼ?»

«ደርሷል።»

«ሁለቱንም ተቀበሉት?»

«አንቺ ደግሞ! ፊርማ አርፎበታል እኮ።»

ቸኩዬ ነበር።

ሚያዝያ 3፣ ዓርብ

ጁሀራን ምጥ ያዛት። ሁለት ወር ገደማ ይቀራት ነበር። ባልዋ በጭነት መኪናው ጊኒር ነው። ባጃጅ ጠራሁ። ሳንሳፈር ክንዴን ያዘችኝ።

«አባኮ፣ እዚያ ልጅ ይሞታል ይላሉ። ሌላ ቦታ እንሂድ።»

«ታጥቧል። ምንጩ ተገኝቷል። እኔ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።»

ሴት። 1 ኪሎ ከ600 ግራም። ቁርጭምጭሚቷ ላይ በታሰረው ፕላስተር ላይ «የጁሀራ ልጅ» ተብሎ ተጽፏል።

ሚያዝያ 5፣ እሑድ

ልጅቷ አልጠባም አለች። ገላዋ ቀዝቅዟል። ደሟ ለምርመራ ለሰቢሪና ተልኳል። ዝናብ፣ ጭቃ፣ መብራት የለም።

ሚያዝያ 8፣ ረቡዕ

ሰቢሪና ቢሮዬ መጣች። በሩን ዘጋችው። እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

«ጋሼ፣ ሲንኩን ለምን አልቀየሩትም?»

«የቱን ሲንክ?»

«ናሙና ዘጠኝን። የጨቅላ ክፍሉን የእጅ መታጠቢያ። ከውሃ መውረጃው ውስጥ የወሰድኩትን።»

ከጁሀራ ልጅ ደም ያገኘችው ክሌብሴላ አይደለም። ኢ-ኮላይ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ነው። የማይገድሉት መድኃኒቶች ግን እነዚያው ሰባት ናቸው። ሁለት የተለያየ ዘር ያላቸው ነገሮች እንዴት አንድ ዓይነት ዝርዝር ሊኖራቸው ይችላል አልኳት። በደንብ የምጠይቅ መስዬ ነው የጠየቅኋት፣ እንደ ጋዜጠኛ።

«እነሱ አንድ አይደሉም ጋሼ። አንድ የሆነው የያዙት ነው። ባክቴሪያው ከራሱ ዘር ሌላ ትንሽ ቀለበት ይይዛል፣ ፕላዝሚድ ትባላለች። መድኃኒት የሚመክትበት ሁሉ እሷ ላይ ተሰድሯል። ከሌላ ባክቴሪያ ጋር ይጠጋጋሉ፣ ቀጭን ቱቦ ይዘረጋል፣ የቀለበቷን ግልባጭ ያሳልፍለታል። ሰጪው አይጎድልበትም፤ እሱም አለው፣ ያኛውም አለው።»

«ለልጁ ነው የሚያወርሰው?»

«ለልጁማ ያወርሳል። ክፋቱ ለጎረቤቱም መስጠቱ ነው። ዘመዱ ባይሆንም ይሰጠዋል። የኛን አገር ማጨጃ ኮምባይነር አይተው የለ? ከአርሲ ሲመጣ የሙጃ አረም ዘር በሆዱ ይዞ ይመጣል። የአባቴን ስንዴ ያጭዳል፣ ሙጃ ይተክልበታል። ከዚያ የጎረቤታችንን ገብስ ያጭዳል፣ እዚያም ሙጃ። ስንዴው ስንዴ ነው፣ ገብሱም ገብስ ነው፣ ሙጃው ግን ያው አንዱ ነው። እናንተ ስንዴውን ነቅላችሁ ጣላችሁ። ኮምባይነሩ ሲንኩ ውስጥ ቆሟል።»

ሌላም ነገረችኝ። ነርሶቹ ከብልቃጥ የተረፈውን መድኃኒት የሚደፉት እዚያው ሲንክ ውስጥ ነው፤ ሌላ መድፊያ የላቸውም። ውሃ በሳምንት ሦስት ቀን ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የተደፋው እዚያው ይቆያል። ቀለበቷን ያልያዘው ባክቴሪያ ያልቃል፣ የያዘው ይቀራል። ሰባቱ መመከቻዎች አንድ ቀለበት ላይ ስለሆኑ፣ አንዱን መድኃኒት መድፋት የቀሩትን ስድስት መመከቻዎችም መንከባከብ ነው።

ይህንን በዝርዝር የጻፍኩት ሌሎችም ድርሻ እንዳላቸው እንዲታወቅ ነው። ነርሶቹ። የውሃው ጉዳይ። ኃላፊ ያልቀጠረው አስተዳደር።

ለልጅቷ የቀረው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ታዟል። ሰቢሪና ከወጣች በኋላ ሁለተኛውን መሳቢያ አልከፈትኩም። ሥራ በዝቶብኝ ነበር።

ሚያዝያ 12፣ እሑድ

ፋሲካ። መድኃኒቱ ትናንት ማታ ደርሷል። ጁሀራ የክፍሉ በር ላይ የተደፋ ባልዲ ላይ ተቀምጣለች። «እንኳን አደረሰዎ አባኮ» አለችኝ። እሷ እኔን።

ሚያዝያ 14፣ ማክሰኞ

የጁሀራ ልጅ ዛሬ ንጋት ላይ ሞተች። አሥራ አንድ ቀኗ ነበር። በሰባተኛው ቀን ስም ሊያወጡላት አስበው፣ ስትድን ይሻላል ብለው አቆይተውት ነበር።

የመውጫ ወረቀቱን እኔ ጻፍኩ። በስም ቦታው ላይ «የጁሀራ ልጅ» ብዬ ሞላሁት። ባልዋ ወረቀቱን ተቀብሎ «ገለቶማ» አለኝ፤ አመሰግናለሁ ማለቱ ነው።

ሚያዝያ 21፣ ማክሰኞ

ክፍሉ እንደገና ተዘግቷል። ሁለት ሕፃናት ታመዋል። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ዶ/ር መልአኩ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስለ ሲንኩ ማን ያውቅ ነበር?

ሰቢሪና ተጠራች። ቆማ መለሰች። «ጽፌያለሁ። በእጄ ጽፌ ለጋሽ ኃይለመስቀል ሰጥቻለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ኮሚቴው የፈረመበት ሪፖርት ፋይሉ ላይ አለ» አልኩ።

«እሱንማ እኛም አይተናል። እሷ በሰጠችዎ ላይ ሲንክ የሚል ነበረ?»

«ኦርጅናሉን ፈልጌ ማየት ይኖርብኛል።»

ሁለቱም ዓረፍተ ነገሮች ሐሰት አይደሉም። ባለሥልጣናት እንዲህ ሲመልሱልኝ ምን ያህል እንቃቸው እንደነበር አስታውሳለሁ። ሰቢሪና አልተከራከረችም። የምፈልገው መሰላት፤ አንገቷን ነቀነቀችልኝ።

ሲስተር ሸዋርጋ ያልጠየቋትን መለሰች። «መድኃኒቱን የደፋነው እኛ ነን፣ ይጻፍ! ሠላሳ ዓመት ደፍቻለሁ። የት ልድፋው? በኪሴ ይዤው ልሂድ? አቶ ጋዜጣ፣ ይጻፉት እንጂ፣ ምን ያዩኛል?»

ጻፍኩት። ሙሉውን፣ ሳላሳጥር።

ሚያዝያ 28፣ ማክሰኞ

ኦርጅናሉን ፈለግሁ። አላገኘሁም። መደርደሪያውን፣ አንደኛውንና ሦስተኛውን መሳቢያ አይቻለሁ።

ግንቦት 2፣ ቅዳሜ

ለሰቢሪና መልእክት ብልክላት ኖሮ በዚያው ማታ ፎቁ ላይ ወጥታ ትደውልልኝ ነበር። ጸሐፊውን ሳትጠይቅ ቁም ነገር አትሰርዝ። ይህንን ለስንት ወጣት ነግሬያለሁ። አንዱን በዚሁ ጉዳይ ደመወዝ አስቀጥቼዋለሁ።

ግን ሁለት አንቀጽ ቃል በቃል አንድ ሆኖ ሲገኝ ማንም አራሚ ይሰርዘዋል። ማንም።

ግንቦት 6፣ ረቡዕ

ከአዲስ አበባው ላቦራቶሪ ውጤት መጣ። ቀለበቷን ፊደል በፊደል አንብበዋታል። በናሙና 4፣ በናሙና 9 እና በጁሀራ ልጅ ደም ውስጥ ያለችው አንድ ናት። ሰቢሪና በጣቷ እያሳየች አስረዳችኝ። በአንድ ቦታ ላይ አንዲት ፊደል ተለውጣለች፤ ያቺው ለውጥ በሦስቱም ውስጥ በዚያው ቦታ ላይ አለች። አንዱ ከሌላው ለመገልበጡ ምስክሯ እሷ ናት።

ይህንን የሚያስረዳኝ ሰው አያስፈልገኝም ነበር። አንድ ጋዜጣ ዜናችንን እየገለበጠ ሲያወጣ የያዝኩት በዚህ መንገድ ነው፤ የኛን የፊደል ግድፈት ሳይቀር ገልብጦት ነበር። ሁለት ጽሑፍ ቃል በቃል አንድ ከሆነ ነገር አለ ማለት ነው፤ ያኔ ይህ ገብቶኝ ገጹን ይዤ አለቃዬ ዘንድ ሮጫለሁ። በመጋቢት ግን ሰረዝኩት።

ግንቦት 11፣ ሰኞ

ሰቢሪና በዲሲፕሊን ተከሳለች። የክሱን ደብዳቤ ያረቀቅሁት እኔ ነኝ። የሰው ሀብት ክፍሉ አማርኛ አይሆንም ብሎ ዶ/ር መልአኩ ወደ እኔ ላከው። የመጀመሪያው ረቂቅ «ግኝትን በመደበቅ» ይል ነበር። «ግኝትን ባለማሳወቅ» አልኩት። አለሰለስኩላት።

ደብዳቤውን ሳስረክብ ዶ/ር መልአኩ ከመነጽሩ በላይ አየኝ።

«ውልዎ ሰኔ ላይ ነው የሚያልቀው አይደል ጋሽ ኃይለመስቀል?»

«ሰኔ 30።»

«እናድሳለን። እንደ እርስዎ ያለ ብዕር ከየት ይገኛል?» ደብዳቤውን አጠፈው። «ያ ኦርጅናል ሳይገኝ ቀረ፣ አይደል?»

«አልተገኘም።»

«በቃ፣ አይድከሙ።»

ግንቦት 13፣ ረቡዕ

ጁሀራና ባልዋ ግቢውን ለቀቁ። ወደ ጊኒር፣ ወደ ቤተሰቦቿ ነው የሚሄዱት። ፍራሹን መኪናው ላይ ሲጭኑ ቁልፉን ልትሰጠኝ መጣች።

«አባኮ፣ ሰቢሪና ናት የደበቀችው አሉ። እውነት ነው?»

«ገና አልተወሰነም።»

«የአገሬ ልጅ ናት። እናቷን አውቃታለሁ። እንዲህ ታደርጋለች ብዬ አላስብም ነበር።» ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠች። «እርስዎን ግን ራቢ፣ ፈጣሪዬ፣ ይክፈልዎት። በዚያ ዝናብ ባጃጅ ፈልገው ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት።»

ዝናብ አልነበረም። ዝናቡ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ይህንን ለማረም አፌን ከፍቼ ነበር።

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ሰቢሪና መጣች። በሩን አልዘጋችውም።

«እርስዎ ወረቀት አይጥሉም ጋሼ። ይህንን ሆስፒታሉ ሁሉ ያውቃል።»

«እየፈለግሁ ነው።»

«ሰኞ ነው የሚወስኑት። ካባረሩኝ የሙያ ፈቃዴንም ይነጥቁኛል። ከዚያ ማንም ላቦራቶሪ አያስገባኝም።» አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይቀለኝ ነበር። «እሺ፣ ባይገኝም ይሁን። ሲንኩን ግን ያስነቅሉት። በፕላስቲክ ሸፍነውታል እንጂ አልነቀሉትም። እኔን ካባረሩም በኋላ ቢሆን ይንቀሉት፤ እርስዎ ቢጽፉላቸው ይሰማሉ።»

ግንቦት 16፣ ቅዳሜ

ቢሮ ማንም የለም። ከመስኮቱ ማዶ የቱሉ ዲምቱ ተራራ ራስ በበረዶ ነጥቷል። ሁለተኛውን መሳቢያ ከፈትኩ።

ሰማያዊው ፋይል፣ ከላይ አራተኛው ወረቀት። መፈለግ አላስፈለገኝም። የት እንዳለ ከመጋቢት 18 ጀምሮ አውቃለሁ።

ሰቢሪና መጥፎ ጸሐፊ አይደለችም። ዛሬ አነበብኩት። ናሙና 4፣ ሰባት መድኃኒት፣ ክሌብሴላ። ናሙና 9፣ ሰባት መድኃኒት፣ ኢ-ኮላይ። ከሥሩ አንድ መስመር አለ፤ ያኔ አላነበብኩትም፣ ቀዩ እርሳሴ በላዩ ላይ ነው ያለፈው። «ሁለቱ ዝርዝሮች አንድ መሆናቸው ስህተት አይደለም፤ ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው፤ እባክዎ ለኮሚቴው ይነገር» ይላል። እባክዎ ያለችው እኔን ነው።

በጋዜጣችን ማረሚያ የሚወጣው በሁለተኛው ገጽ ግርጌ ነበር። አንድ ጻፍኩ፦ «በመጋቢት 19 ቀን 2017 ሪፖርት ላይ ናሙና 9ን የሚመለከተው አንቀጽ በስህተት ሳይካተት ቀርቷል።» ደግሜ ሳነበው ማን እንዳላካተተው አይናገርም። ቀደድኩት።

ሁለተኛው፦ «ሰቢሪና ስለ ሲንኩ በወቅቱ ጽፋ ሰጥታኛለች። የሰረዝኩት እኔ ነኝ። አልጠየቅኋትም። ሚያዝያ 21 በስብሰባው ላይ ስጠየቅ ወረቀቱ የት እንዳለ አውቅ ነበር።» አራት ዓረፍተ ነገር። የሚያጥር ነገር የለውም። ገና አልፈረምኩበትም። ከኦርጅናሉ ጋር በሰማያዊው ፋይል ውስጥ አድርጌዋለሁ። ፋይሉ ጠረጴዛው ላይ ነው።

የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰኞ፣ ግንቦት 18፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ይሰበሰባል። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ።